ወደ ሩቅ ፍል ውሃ በእግር፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሳ ተጓዥ የንጽጽር መመሪያ

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነስቶ ፍል ውሃ መሄድ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የትኛው ውሃ እንደሚሞቅ፣ የትኛው ለሕመም ይበጃል እንደሚባል፣ የትኛው ቦታ እንደሚያምር ነው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ፍል ውሃው ከወንዝ ማዶ ከሆነ ከሁሉም አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ስመለስ ይህን ወንዝ መሻገር እችላለሁ ወይ?» የሚለው ነው። ጠዋት ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ የነበረ ውሃ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ከወገብ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ተጓዡ ባለበት ቦታ ደግሞ አንዲት ጠብታ ዝናብ ላይወርድ ይችላል። በዚህ ምክንያት ቦታውን፣ ወቅቱን፣ ጫማውንና ማደሪያውን ከዚህ በታች የማወዳድረው በመልሱ መንገድ እየመዘንሁ ነው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ከዚያ ወደ ሐርቡና ወደ ጨፋ ሜዳ፣ በምሥራቅ ደግሞ በባቲ በኩል ወደ አፋር ሲወረድ መሬቱ እያዘቀዘቀ ይሄዳል። ይህ ቁልቁለት የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ግድግዳ ነው። በተራራው ላይ የወረደው ዝናብ በመሬት ስንጥቅ ወደ ጥልቁ ሰርጎ ይሞቅና በግድግዳው ሥር ባሉት ስብራቶች በኩል ፍል ውሃ ሆኖ ይወጣል። ከተራራው ላይ ሳይሰርግ የቀረው ዝናብ ግን በዚያው ቁልቁለት ተንደርድሮ ወንዞቹን ይሞላል፤ ፍል ውሃ በብዛት የሚገኝባቸው ሸለቆዎች ደራሽ ጎርፍ የሚፈራባቸው ሸለቆዎች የሆኑትም ስለዚህ ነው። ቦርከና የደሴን ውሃ ይዞ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ጨፋ ይወርዳልና ከታች ላለ ተጓዥ ከማናቸውም የአየር ትንበያ ይልቅ የሚጠቅመው ደሴ ላለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ስልክ ደውሎ «ጦሳ ተራራ ላይ ጠቁሯል ወይ? ዘንቧል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ቦታዎቹ ሲነጻጸሩ

ለአብዛኛው ሰው የመጀመሪያው ምርጫ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ፣ በሐርቡና በጨፋ አካባቢ ያለው የቦርከና ሸለቆ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ጠዋት በሚኒባስ ተሂዶ ማታ ቤት መግባት ይቻላል፤ አስፋልቱ ቅርብ በመሆኑም ወንዝ ቢሞላ ወይም ሰው ቢታመም እርዳታ ሩቅ አይሆንም። ጉድለቱ ቦታው ሰው የሚበዛበት መሆኑ ነው፤ በተለይ በበዓላትና በእረፍት ቀናት ለሕክምና ብለው ከሩቅ የመጡ አረጋውያንና ሕሙማን ስለሚኖሩ ለመዝናናት የሄደ ወጣት ቅድሚያውን ለእነርሱ መልቀቅ ይገባዋል። ከዋናው መንገድ ወጥተው በጎን ሸለቆዎች ውስጥ በእግር የሚደረስባቸው ትንንሽ ምንጮች ግን ጸጥታ አላቸው፤ ዋጋቸው ደግሞ መሻገሪያው ነው። በጠባብ ሸለቆ ውስጥ መንገዱ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው እየተዘዋወረ አንዱን ወንዝ ደጋግሞ ሊያሻግር ይችላል፤ ስለዚህ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በመሻገሪያ ብዛትም መቁጠር ያስፈልጋል። ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ነገር ግን ደጋግሞ ወንዝ የሚያሻግር መንገድ አምስት ሰዓት ከሚያስኬድ፣ አንዴ ብቻ ከሚያሻግር መንገድ የበለጠ አደገኛ ነው።

ሁለተኛው ምርጫ በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ አፋር መውረድ ነው። ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ እስከ ባቲ መኪና አይጠፋም፤ ተሳፋሪው ግን እንደዚያው ይበዛል። ከሰመራ ብዙ በማይርቀው በአላሎበዳ የሚፈላ፣ የሚተነፍስ፣ አልፎ አልፎም ወደ ላይ የሚረጭ ውሃ አለ። ልንገነዘበው የሚገባው ይህ የሚታይ እንጂ የሚታጠቡበት ውሃ አለመሆኑን ነው፤ በዙሪያው ያለው መሬት ከላይ ጠንካራ መስሎ ከሥሩ ሳስቶ ሊገኝ ስለሚችል ከተለመደው የእግር መንገድ ወጥቶ ወደ ምንጩ አፍ መጠጋት ለከባድ ቃጠሎ ይዳርጋል። በዚያ በኩል የሚፈተነው ወንዝ ሳይሆን ሙቀት ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ካልሆነ በስተቀር በእግር ረጅም መንገድ መሄድን አልመክርም፤ የአካባቢውን ተወላጅ መሪ ሳይዙ መሄድም አይገባም።

በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሰሜናዊ ክፍል ያለው ፍል ውሃ፣ በዘምባባ ዛፎች መካከል ንጹሕ ሰማያዊ ኩሬ ሆኖ የተኛ በመሆኑ፣ በውበት የሚበልጠው አለ ብዬ አላስብም። ከደሴ ሩቅ ነው፤ አንድ ሌሊት ማደርን ይጠይቃል፤ የሚሄዱትም በእግር ሳይሆን በመኪና፣ ከፓርኩ ጥበቃ ሠራተኛ ጋር ነው። በአካባቢው ውሃ ቀዝቀዝ ባሉ ቦታዎች አዞ ስለሚኖር «የት እንግባ?» የሚለውን ጥበቃው ይወስናል እንጂ እንግዳው አይወስንም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራ ተራሮች አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ተደጋግሞ ነዋሪዎች እስኪነሱ ድረስ መድረሱና እንፋሎት በአዲስ ቦታ መውጣቱ የሚታወስ ነው፤ እንዲህ ባለ ምድር ላይ የምንጭ ሙቀትና መውጫ ሊለዋወጥ ስለሚችል ከዓመታት በፊት የሄደ ሰው የሰጠውን መረጃ ብቻ ይዞ መነሳት አይበቃም።

በደቡብ ጎንደር በጉማራ ወንዝ አጠገብ የሚገኘው ዋንዛዬም በወሎ ሰው ዘንድ ይታወቃል። እርሱ ግን በዋናነት የመታከሚያና የመጠመቂያ ቦታ ስለሆነ የእግር ጉዞ ለሚፈልግ ሰው ከቦርከና ሸለቆ አስበልጬ አላቀርበውም።

ወዴትም ቢሆን የመንገዱን ጸጥታ ከመነሳት በፊት በዚያው ሳምንት ከሄደ ሾፌርና ከቀበሌው ማረጋገጥ የግድ ነው። ጥርጣሬ ካለ ጉዞው ይዘገይ።

ወቅት

ደቡብ ወሎ ሁለት ዝናብ አለው። በልጉ በየካቲትና በሚያዝያ መካከል ይመጣል፤ ክረምቱ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ይዘልቃል። በክረምት ወንዝ የሚያሻግር መንገድ ከነጭራሹ መመረጥ የለበትም። ብዙ ሰው የሚዘናጋው በበልግ ነው፤ ምክንያቱም የበልግ ዝናብ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አውጥቶ ቆይቶ ከሰዓት በኋላ በአንድ ተራራ ላይ ብቻ ሊወርድ ስለሚችል፣ ከታች አቧራ ላይ የሚሄደው ሰው ወንዙ ይሞላብኛል ብሎ አያስብም። በጥቅምት ሜዳው ለምለም፣ አደይ አበባውም ገና ያልረገፈ ስለሚሆን ያስጎመጃል፤ ሆኖም ወንዞቹ የክረምቱን ውሃ ገና አልጨረሱም። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል፤ ውሃው ዝቅ ይላል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ የጠዋቱ ብርድ ደግሞ የፍል ውሃውን ሙቀት ይበልጥ ያስናፍቃል። በግንቦት ወንዙ ቢያንስም የቆላው ፀሐይ ስለሚከብድ ከሕፃናትና ከአረጋውያን ጋር የሚሄድ ሰው ባይመርጠው ይሻላል።

መሻገሪያ

ከሁሉ የሚሻለው መሻገሪያ ድልድይ ነው፤ ለድልድዩ ሲባል አንድ ሰዓት መዞር ቢያስፈልግ እንኳ። ድልድይ ከሌለ ሰው በጠባቡ በኩል ሊሻገር ይወዳል፤ መንገዱ አጭር መስሎ ስለሚታየው ነው። ጠባቡ ቦታ ግን ጥልቁና ፈጣኑ ነው። ወንዙ ተንጣሎ፣ ወደ ሁለትና ሦስት ቅርንጫፍ ተከፍሎ፣ ጠጠሩ ከላይ እስኪታይ የሚሳሳበት ቦታ ምንም እንኳ ቢረዝም ይመረጣል። ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ በውጭው ዳር ስለሚቦረቦር አይመረጥም፤ ከመሻገሪያው በታች ፏፏቴ፣ ገደል ወይም የተጋደመ ግንድ ካለም ያ ቦታ መልካ አይደለም፤ የወደቀ ሰው የሚወሰደው ወደዚያው ነውና።

እግር እንዳይርስ ከድንጋይ ድንጋይ መዝለልና ውሃው ውስጥ ገብቶ መሄድ ሲነጻጸሩ ሁለተኛው ይሻላል። የረጠበ ድንጋይ ሙልጭልጭ ያደርጋል፤ ከላይ የሚወድቅ ሰው ደግሞ በራሱ ወይም በክርኑ ያርፋል። ውሃው ውስጥ የሚሄድ ሰው ፊቱን ወደ ውሃው መምጫ አዙሮ፣ ጠንካራ ዱላ ወይም ከዘራ ከፊቱ ተክሎ፣ አንድ እግር ካልተደላደለ ሌላውን ሳያነሳ፣ ወደ ጎንና በጥቂቱ ወደ ታች እያዘነበለ ይሻገራል። የጀርባ ቦርሳው የወገብና የደረት ማሰሪያ ከመግባት በፊት መፈታት አለበት፤ ሰውየው ቢወድቅ ቦርሳውን ጥሎ ይነሳል። ሦስትና አራት ሆነው የሚሄዱ ሰዎች ክንድ ለክንድ ተያይዘው በአንድነት ቢሻገሩ ከየብቻቸው ይልቅ ይጸናሉ፤ ጠንካራው ሰው ውሃው በሚመጣበት በኩል ይቆማል። ገመድን በተመለከተ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ሥልጠና የሌለው ሰው ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ወንዝ መግባት የለበትም። የሚፈስ ውሃ የታሰረን ሰው ወደ ታች ይደፍቀዋል እንጂ ወደ ላይ አያወጣውም። በቅሎ ወይም አህያ ከተገኘ ጭነቱን ይሸከምልን፤ ሰው ግን በእግሩ ይሻገር።

ውሃው በፍጥነት የሚሄድና ከጉልበት በላይ ከሆነ አይገባበትም። የፈጠነ ውሃ ከሆነ አንድ ስንዝር የማይሞላ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው እንኳ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለውም ልክ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ቀላል ስለሚሆኑ ሰው መሐል ደርሶ መመለስ ያፍራል። ከወንዝ መሐል መመለስ አያሳፍርም፤ እንዲያውም ቡድኑ ከመግባቱ በፊት «ማንም ሰው እንመለስ ካለ እንመለሳለን» ብሎ ቢስማማ ጥሩ ነው።

ወደ ቦርከና በሚገባ አንድ ትንሽ ወንዝ ዳር አንድ አዛውንት ሲያደርጉት ያየሁትን እዚህ ላይ ላስፍር። ሽርጣቸውን ሰብስበው ተቀምጠው ነበር፤ እኛ ለመግባት ስንዘጋጅ «ቆዩ ልጆቼ፣ አብሽሩ፣ ደሴ በኩል ጠቁሯል» አሉንና አንድ ቀጭን የግራር ጭራሮ ልክ ውሃው በሚነካው ጠርዝ ላይ ተከሉ። እርሳቸው ስለ ከብቶቻቸው እየነገሩን ጥቂት እንደቆየን ጭራሮው ከዳር አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ቆሟል፤ ውሃው ደፍርሶ ደረቅ ቅጠልና ገለባ ማምጣት ጀምሯል፤ ከሥሩም ድንጋይ ከድንጋይ ሲንከባለል ይሰማ ነበር። «አንቱ ባይኖሩ ገብተን ነበር አባባ» ስንላቸው ወደ ማዶ ብቻ አመለከቱ፤ ከማዶም ሰዎች ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ጭራሮ መትከል፣ የውሃውን ቀለም ማየት፣ የሚንሳፈፈውን መመልከትና የድንጋዩን ድምፅ ማዳመጥ ገንዘብ አያስወጣም፤ ከአራቱ አንዱ ብቻ ቢታይ እንኳ ከወንዙ ርቆ ከፍ ወዳለ ቦታ መውጣት ያስፈልጋል። ገባር የሆኑት ትንንሽ ወንዞች ቶሎ እንደሞሉ ቶሎ ይጎድላሉ፤ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሰዓት መጠበቅ ይበቃል። ስለሆነም ተጓዡ ከታሰበው በላይ አንድ ምግብ የሚሆን በሶ፣ ቆሎ ወይም ጭኮ መያዝ አለበት፤ የራበው ሰው መታገሥ ስለሚያቅተው ወንዙ ሳይጎድል ይገባል።

ጫማና ስንቅ

በባዶ እግር መሻገር ከሁሉ የከፋ ነው፤ ስለታም ድንጋይ፣ እሾህና የተሰበረ ጠርሙስ ከታች አይታይም። ወፍራም የተራራ ቡትስ ለዳገቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ አንዴ ውሃ ከገባው ቀኑን ሙሉ ከባድና እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ እግርንም ያቆስላል። ነጠላ ጫማ ውሃው ነጥቆ ይወስደዋል። የገጠሩ ሰው የሚያደርገው ኮንጎ ጫማ ውሃ ያፈሳል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ዋጋውም ቀላል ነው፤ ሶሉ ግን በአልጌ በተሸፈነ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል። ከጎማ የሚሠራው በረባሶ በድንጋይ ላይ ይበልጥ ይይዛል፤ ሆኖም ያልለመደውን ሰው ማሰሪያው ይልጠዋል። እኔ የምመርጠው አሮጌ ስኒከር ነው፤ ካልሲ አውልቆ በስኒከሩ ተሻግሮ፣ ደረቅ ካልሲና ነጠላ ጫማ በፌስታል ውስጥ ለምንጩ ዳር መያዝ ይበቃል። ስልክና ክብሪት በሁለት ፌስታል ይጠቅለሉ። የሚጠጣ ውሃ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ከቤት መያዝ አለበት፤ የስምጥ ሸለቆ ፍል ውሃዎች ብዙ ጊዜ ፍሎራይድ ስለሚበዛባቸው አዘውትሮ መጠጣት ጥርስንና አጥንትን ይጎዳል፤ ማፍላትም ፍሎራይዱን አያጠፋውም።

በስልክ ካርታ ወይስ በሰው? ደርሶ መመለስ ወይስ ማደር?

የስልክ ካርታ መንገዱንና ድልድዩን ያሳያል፤ የዘንድሮውን መልካ ግን አያሳይም። የክረምት ጎርፍ ጠጠሩንና አሸዋውን በየዓመቱ ስለሚያገላብጠው አምና ጥልቀት ያልነበረው ቦታ ዘንድሮ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቀው ከብቱን በየቀኑ የሚያሻግረው ልጅ ወይም ገበያ የሚመላለሰው ሰው ነው። ስለዚህ ካርታው ለአቅጣጫ ይያዝ፤ መሪ ግን ከመንደሩ ይወሰድ፤ ክፍያውም ከመነሳት በፊት በግልጽ ተነጋግሮ የቀን ሥራውን የሚመጥን ይሁን።

ደርሶ ለመመለስ የሚያስብ ሰው ንጋት ላይ ተነስቶ ቢዘገይ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ የመጨረሻውን ወንዝ ተሻግሮ መመለስ አለበት፤ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነውና። ይህ የማይሞላለት ከሆነ ሲጨልም ከመሻገር እዚያው ማደር ይሻላል። ለማደር ደግሞ ከድንኳን ይልቅ የመንደር ቤት ይመረጣል፤ የወሎ ሰው እንግዳ አያሳድርም አይባልም፤ ስኳርና ቡና ይዞ መሄድ ግን ተገቢ ነው። ድንኳን የሚተክል ሰው አሸዋው ለመኝታ ቢመቸውም በደረቅ ወንዝ ውስጥ በምንም ምክንያት መትከል የለበትም። ደሴ ላይ ወባ ብዙም ስለማይታሰብ አጎበር ይረሳል፤ ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ያለው ሸለቆ ግን ወባማ ነው።

ምንጩ ዳር

ለመቀመጥ የሚመቸው ውሃ እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያለው ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ ሰውነትን ያዝላል፤ ወደ 50 ሲጠጋ ያቃጥላል። ቴርሞ ሜትር ከሌለ በመጀመሪያ ውሃውን በጣሳ ቀድቶ በእጅ ጀርባ መሞከር ይገባል። ምንጩ ከሚወጣበት አፍ ይልቅ ወደ ወንዙ የሚቀላቀልበት ጫፍ ለመታጠብ ይመረጣል፤ ቀዝቃዛውና ሙቁ ስለሚደባለቁ ራስን ማስጠጋትና ማራቅ ይቻላል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለባቸው እንዲሁም ነፍሰ ጡሮች ሐኪም ሳያማክሩ አይግቡ። ራስን ውሃ ውስጥ መድፈቅ አያስፈልግም፤ በሞቃት ውሃ የሚኖርና በአፍንጫ ገብቶ አንጎልን የሚጎዳ፣ ብርቅ ቢሆንም ገዳይ የሆነ አሜባ አለ።

ወንዶችና ሴቶች የሚገቡበት ሰዓት ወይም ቦታ የተለየ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ ይጠየቅ። ወንዶች በሽርጥ፣ ሴቶች ሰውነታቸውን በሚሸፍን ልብስ ይገባሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለጤናው ብሎ የሚመጣበት ውሃ ስለሆነ በሳሙና መታጠብ፣ ልብስ ማጠብና የታመመ ሰው ሳይፈቅድ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው።

ከተመለሱ በኋላ

የቦርከና ሸለቆ ቢልሃርዝያ፣ ማለትም ከወንዝ ውሃ በቆዳ በኩል የሚገባ ትል የሚያመጣው በሽታ፣ ያለበት አካባቢ ነው። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው በሙቁ ምንጭ ውስጥ ሳይሆን ዝግ ብሎ በሚሄደው፣ ሣር ባለበት የወንዝ ዳር ነው፤ ትሉም ወደ ውሃው በብዛት የሚለቀቀው ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በጠዋትና ፈሰስ በሚል ጠጠራማ ቦታ መሻገር በዚህም በኩል ይጠቅማል፤ ከውሃው እንደወጡ እግርን በፎጣ አጥብቆ ማድረቅም እንዲሁ። ወንዝ የተሻገረ ሰው ምንም ሕመም ባይሰማው እንኳ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ወንዝ መግባቱን ለባለሙያው ነግሮ ሰገራ ያስመርምር፤ ከዚያ በፊት የሚደረግ ምርመራ በሽታው እያለ የለም ሊል ይችላል። ከተገኘበት ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት በክብደቱ ልክ ተለክቶ ይሰጠዋል።